የዱባ ፍሬና የወንዶች ዝምታ

የዛሬው ወጌ ስለ ዱባ ነው፤ ስለ ሥጋው ሳይሆን ስለ ፍሬው። እናቶች ለወጥ ሲከትፉት ከሆዱ ዝቀው የሚያወጡት፣ አጥበው ሰፌድ ላይ የሚያሰጡት፣ ሲደርቅም ምጣድ ላይ ጣል አድርገው የሚቆሉት፣ ልጆች እየቀረጠፉ ቅርፊቱን በየደጃፉ የሚበትኑት ያ ነጭ ፍሬ። ዛሬ በብዙ አገር ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶች «የሽንቴ መድኃኒት» ብለው ይዘውታል። በእኛም ሰፈር ሰው ለሰው እየተቀባበለ ይነግረዋል። እውነት አለው? አለው። ስንት እንደሆነ ግን በወሬ አይለካም፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ሥሩ ሜክሲኮ ነው። በደቡባዊቷ የኦሃካ ግዛት ጊላ ናኪትስ የሚባል ዋሻ አለ። ብሩስ ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ የአርኪዮሎጂ ተመራማሪ ከዚያ ዋሻ ተቆፍረው የወጡ የዱባ ፍሬዎችን መርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት ዕድሜያቸው ወደ 10,000 ዓመት እንደሚጠጋ አስታወቀ። ፍሬዎቹ ከዱር ዱባ ፍሬ ይተልቁ ስለነበር፣ ሰው እየመረጠ የዘራቸው መሆኑ ታወቀ። የዱር ዱባ ሥጋው መራራ ነው፤ ሰው በመጀመሪያ የተመኘው ፍሬውን ሳይሆን አይቀርም። እንግዲህ ዱባ ከአሜሪካ ወጥቶ ባሕር የተሻገረው ከኮሎምበስ በኋላ ነው፤ ወደ ቀረው ዓለም፣ ወደ እኛም ጓሮ የደረሰው ከዚያ ወዲህ ነው።

እኛ አገር ፍሬው የታወቀው በሌላ ሙያው ነው። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ የኮሶ ትል አያጣውም፤ አባቶቻችንም ለትሉ ማርከሻ አበጅተው ነበር። ዋነኛው የኮሶ ዛፍ አበባ ነው፤ እንቆቆ አለ፣ መተሬ አለ፣ የዱባ ፍሬም ከእነርሱ ጋር ይቆጠራል። ኮሶ ጠጥቶ የዋለ ሰው ምን እንደሚሆን የቀመሰ ያውቀዋል። ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ጉልበት ያሳጣል፤ መጠኑ ከበዛም ዓይን እስከ መጉዳት ይደርሳል። የዱባ ፍሬ ግን ገር ነው፤ ተፈልፍሎና ተወቅጦ በባዶ ሆድ ይበላል። በውስጡ ኩከርቢቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ትሉን ያደነዝዘዋል፣ የደነዘዘ ትልም ከአንጀት ይላቀቃል። የአሜሪካ የመድኃኒት መዝገብም ከ1863 እስከ 1936 ድረስ የዱባ ፍሬን ለዚሁ ለትል ማስወጫ መዝግቦት ቆይቷል። ፍሬው መድኃኒት መባሉ ስለዚህ አዲስ ነገር አይደለም። እኔን የገረመኝ ከአንጀት ተነሥቶ ወደ ሽንት መሻገሩ ነው።

የተሻገረው በመካከለኛው አውሮፓ ነው። በኦስትሪያ ደቡብ ምሥራቅ ስታይሪያ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ፤ ዋና ከተማው ግራትስ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በዚያ አካባቢ ካሉ ዱባዎች መካከል አንድ እንግዳ ዘር ታየ። ፍሬው ያ ጠንካራ ነጭ ቅርፊት የለውም፤ በስስ፣ ጠቆር ባለ አረንጓዴ ቆዳ ብቻ ተሸፍኗል። ማንም ያዳቀለው አልነበረም፤ በራሱ በዘሩ ውስጥ የተፈጠረ ለውጥ ነው። ገበሬው ግን ዓይኑ የበራ ነበርና ያንን ዘር ለይቶ ዘራው፤ በየዓመቱም እየመረጠ አበዛው። መፈልፈል ቀረለት፤ ዘይቱም ያለ ብዙ ድካም ወጣለት።

ዘይቱ ሲወጣ ማየት ራሱን የቻለ ነገር ነው። በመከር ጊዜ ዱባዎቹ ማሳው ላይ ቢጫ ሆነው ተዘርግተው ይተኛሉ። ፍሬው ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ዱቄቱ በጥቂት ውኃና ጨው ይታሽና በሰፊ ክብ የብረት ምጣድ ላይ እየተማሰለ ይቆላል። ጨማቂው ከምጣዱ ንቅንቅ አይልም፤ እሳቱ ጥቂት ካለፈ ዘይቱ ይመራል፣ ጥቂት ካነሰ ደግሞ ያ የታወቀው መዓዛ አይመጣም። ከዚያ ወደ መጭመቂያው ይገባል። የሚወርደው ዘይት ሳህን ላይ ስስ ሆኖ ሲፈስ አረንጓዴ ነው፤ ጠርሙስ ሞልቶ ሲታይ ግን ቀይ ይመስላል። ለአንድ ሊትር ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ደረቅ ፍሬ ይፈጃል። የአውሮፓ ኅብረት ከ1996 ጀምሮ የዘይቱን ስም በሕግ ጠብቆታል፤ ሌላ ቦታ የተመረተ ዘይት በስታይሪያ ስም አይሸጥም።

ይህ ፍሬ ከማዕድ አልፎ የሽንት መድኃኒት ሆኖ የተወራለት በዚያው አካባቢ ሕዝብ ዘንድ ነው። ጀርመኖች ደግሞ ወሬን ወሬ ብለው የሚተዉ ሰዎች አይደሉም። በ1978 የባህል ዕፅዋትን የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋሙ፤ «ኮሚሽን ኢ» ይባላል። ኮሚሽኑ ከመረመራቸው አንዱ የዱባ ፍሬ ነበር። የደረሰበትንም ጻፈ፦ የፕሮስቴት ዕጢ ማደግ ሲጀምር ለሚመጣው የሽንት ችግርና ለሚቆጣ ፊኛ በቀን 10 ግራም ፍሬ መብላት ይቻላል። 10 ግራም ማለት የተፈለፈለ ፍሬ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ገደማ ነው። ነገር ግን ኮሚሽኑ በዚያ አላበቃም፤ ወሬ የሚያቀብሉት ሰዎች የሚዘሉትን ቁም ነገር አብሮ ጻፈበት። ፍሬው ስሜቱን ያቀልላል እንጂ ያደገውን ዕጢ አያሳንስም፤ ስለዚህ የሚበላው ሰው በየጊዜው ሐኪም ዘንድ ይቅረብ አለ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቋምም በ2012 ተመሳሳይ ነገር ደነገገ፤ ፍሬው ለረጅም ዘመን አገልግሏልና ይፈቀዳል፣ መጀመሪያ ግን ከባድ በሽታ አለመኖሩን ሐኪም ያረጋግጥ።

«መጀመሪያ» የምትለዋን ያዙልኝ። እስከዚያው ስለ ዕጢው ላውራችሁ።

ፕሮስቴት ወንድ ብቻ ያለው ዕጢ ነው። የዘር ፈሳሽ ከፊሉን የሚያመነጨው እርሱ ነው። የጎልማሳ ሰው ዕጢ ክብደቱ 20 ግራም ቢሆን ነው። ቦታው ግን ያስቸግራል፤ ከሽንት ፊኛ ሥር ተቀምጦ የሽንት ቧንቧውን እንደ ቀለበት ከቦ ይዟል። ዕድሜ ሲገፋ በወንድ ሆርሞን ምክንያት ማደግ ይጀምራል፤ ሲያድግም ቧንቧውን ያጣብባል። ፊኛው ሽንቱን ለመግፋት ይታገላል፤ ሲታገል ግድግዳው ይወፍራል፣ ይቆጣል፣ ጥቂት በያዘ ቁጥር «ልሽና» ይላል። በ50ዎቹ ዕድሜ ላይ ካሉ ወንዶች ግማሽ ያህሉ ዕጢያቸው ማደግ ጀምሯል፤ 80 ዓመት ካለፋቸው መካከል ደግሞ ከአሥሩ ስምንትና ዘጠኙ። ይህ እድገት ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ነገር ግን ካንሰሩም በዚያው ዕጢ ላይ ይነሣል፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ ካንሰሩ ሲጀምርም ብዙ ጊዜ ምንም ስሜት አይሰጥም። የነገሩ ክፋት እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ሽንቱ ሲቀልለት ዳንኩ ይላል፤ ያልተመረመረው ግን ውስጡ ተቀምጧል።

የዱባ ፍሬስ በዚህ ሁሉ ውስጥ ምን ይሠራል? ፍሬው ውስጥ ስቴሮል የሚባሉ ቅባት መሰል ንጥረ ነገሮች አሉ። ዕጢውን የሚያሳድገው ሆርሞን ሥራውን እንዳይሠራ ያግዱታል ብለው የሚያስቡ ተመራማሪዎች አሉ፤ እስካሁን ግን ነገሩ ግምት ነው። ዚንክም አለው፤ በ100 ግራም 7 ሚሊግራም ገደማ። ፕሮስቴት በተፈጥሮው ዚንክ የሚያከማች ዕጢ በመሆኑ ብዙ ሰው «እንግዲያው ዚንክ ልጨምርለት» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። በ2003 የወጣ በ46,974 አሜሪካውያን ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በቀን ከ100 ሚሊግራም በላይ የዚንክ እንክብል የሚወስዱት ሰዎች የተስፋፋ የፕሮስቴት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል። ከፍሬው የሚገኘው ዚንክ ከዚያ መጠን አጠገብ አይደርስም፤ ፍሬው ምግብ ነው። በጠርሙስ የሚሸጠውን እንክብል ግን ተጠንቀቁት።

አሁን ወደ ትልቁ ፈተና እንምጣ። ጀርመን ውስጥ 1,431 ወንዶች ተሰበሰቡ፤ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80፣ ሁሉም የሽንት ችግር ያለባቸው። በሦስት ተከፈሉ። ከፊሎቹ በቀን ሁለት ጊዜ 5 ግራም ፍሬ በሉ። ሌሎቹ ከፍሬው የተጨመቀ እንክብል ዋጡ። የቀሩት ምንም የሌለበት እንክብል ተሰጣቸው። ሙሉ ዓመት ተከታተሏቸው፤ ውጤቱም በ2015 ታተመ። ፍሬውን ከበሉት መካከል 58.5 በመቶ ግልጽ መሻሻል አሳዩ። ባዶውን እንክብል ከዋጡት መካከል ደግሞ 47.3 በመቶ። የተጨመቀው እንክብል ግን ከባዶው አልተሻለም።

ይህን ቁጥር አትለፉት። ባዶ እንክብል ከዋጡት ግማሽ ያህሉ ተሻላቸው! ውሸት አልነበረም፤ የሽንት ችግር በራሱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሐኪም የሚከታተለው ሰው ማታ የሚጠጣውን ይቀንሳል፣ ልቡም ያርፋል። ስለዚህ ጎረቤታችሁ «ዱባ ፍሬ በልቼ ዳንኩ» ሲል አትከራከሩት፤ የተሻለው እውነት ነው። ከመቶ ሰው ፍሬው በእርግጥ የጨመረላቸው ግን አሥራ አንድ ያህሉን ነው። ከዚያም ላይ ፍሬ የቆረጠመ ሰው ፍሬ እንደበላ ያውቃል፤ ማወቁ ራሱ ስሜቱን ሳይረዳው አይቀርም። በኢራን የተደረገና በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት የፍሬውን ዘይት ታምሱሎሲን ከተባለው የታወቀ መድኃኒት ጋር አወዳድሯል። ሽንቱን ይበልጥ ያቀለለው ታምሱሎሲን ነው፤ ዘይቱን የወሰዱት ግን እንደ ማዞር ያለ የጎንዮሽ ጉዳት አላገኛቸውም። እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ፍርድ ይህ ነው፦ ፍሬው ችግሩ ለቀለለበት ሰው መጠነኛ እርዳታ የሚሰጥ፣ ጉዳት የሌለው መልካም ምግብ ነው። ለከበደበት ሰው ግን አይበቃም።

ከበደ ወይስ ቀለለ የሚለውን በምን እናውቃለን? ሐኪሞች ለዚህ ሰባት ጥያቄ አላቸው። ያለፈውን አንድ ወር አስቡ ይላሉ። ሽንትዎን ሸንተው ሲጨርሱ ፊኛዎ ያልተሟጠጠ ይመስልዎታል? ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተመልሰው ይሄዳሉ? ሲሸኑ እየቆመ እየቀጠለ ያስቸግርዎታል? መጣ ሲልዎ መቋጠር ያቅትዎታል? አወራረዱ ደካማ ነው? ለመጀመር ያምጣሉ? ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣሉ? እያንዳንዱ ጥያቄ ከዜሮ እስከ አምስት ነጥብ አለው። ድምሩ ከ7 ካልበለጠ ቀላል ነው፤ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፤ 20 እና ከዚያ በላይ ከባድ። ወረቀትና እርሳስ ያለው ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሊሞላው ይችላል።

ችግሩ የሚሞላው መጥፋቱ ነው። ወንድ ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ሆድ ይፍጀው ይላል። ሚስቱ በሌሊት መነሣቱን ትሰማለች፤ እርሷም አትጠይቅም። በየክሊኒኩ እንዲህ ያለ ንግግር ይሰማል፦

«አባባ፣ ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ ይነሣሉ?»

«ዕድሜ ነው እኮ ልጄ።»

«ዕድሜዎንማ ካርዱ ላይ አየሁት። ስንት ጊዜ?»

«አራት… አንዳንዴ አምስት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት ይሆነዋል። ግን የዱባ ፍሬ እየበላሁ ነው፤ አንድ ወዳጄ መክሮኝ።»

«ይብሉ፣ አልከለክልዎትም። ዛሬ ግን ሸንተው ሲጨርሱ ፊኛዎ ውስጥ ስንት እንደሚቀር በአልትራሳውንድ እንየው፤ ደምም እንውሰድ።»

አባባ ምርመራውን ፈርተው ነበር የቀሩት። በጣት የሚደረገው ፍተሻ ብዙ ወንድ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ደቂቃ የማይሞላ ነገር ነው። የደሙ ምርመራ ፒኤስኤ ይባላል፤ ከፍ ቢል ካንሰር ነው ማለት አይደለም፣ ዕጢው በማደጉ ወይም በመቆጣቱም ይጨምራል። የሽንት ምርመራም አለ፤ የስኳር ምርመራም እንዲሁ፤ በሌሊት የሚያስነሣው ፕሮስቴት ሳይሆን ስኳር የሆነበት ሰው ብዙ ነውና። እንደ አባባ ያለ ሰው ፊኛው ሁልጊዜ ግማሽ ሞልቶ የሚቀር ከሆነ፣ የተጠራቀመው ሽንት ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ጠጠር ያበቅላል፣ ሲውል ሲያድር ኩላሊትን ይጎዳል። ሁለት ዓመት ፍሬ እየበሉ መጠበቅ የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው። ሕክምናው ደግሞ አለ። ታምሱሎሲንን የመሰሉት የፊኛውን አንገት ያላላሉ፤ ፊናስተራይድን የመሰሉት በወራት ውስጥ ዕጢውን ራሱን ያሳንሳሉ፤ ይህ ካልበቃ በሽንት ቧንቧ በኩል በመሣሪያ ገብቶ ያደገውን የሚቀንስ ቀዶ ጥገና አለ።

ሳልረሳው አንድ ነገር ልጨምር። ዕጢው ያደገበት ሰው ጉንፋን ሲይዘው ከመድኃኒት መደብር የአፍንጫ መክፈቻ ክኒን ገዝቶ ይውጥና በዚያው ሌሊት ሽንቱ ጭራሹን ይዘጋበታል። አንዳንዶቹ የጉንፋንና የአለርጂ ክኒኖች ይህን ያደርጋሉ። ስለዚህ ስትገዙ «የፕሮስቴት ችግር አለብኝ» ብላችሁ ለፋርማሲስቱ ንገሩት። ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ሽንት ውስጥ ደም ከታየ፣ ወይም ከትኩሳት ጋር ማቃጠል ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው መሄድ፤ እዚያ ላይ ፍሬም፣ ሻይም፣ ምክርም ቦታ የለውም። በአሜሪካ ለምትኖሩ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ በዚያ አገር ጥቁር ወንዶች በፕሮስቴት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከነጮቹ እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ስለ ምርመራው ከሐኪም ጋር መነጋገሩን በ45 ዓመት እንዲጀምሩ ይመክራቸዋል።

ፍሬውን ለምትወዱት ጥቂት ቁም ነገር ልስጥ። በጀርመኑ ፈተና የተጠናው ያ ቅርፊት የሌለው የስታይሪያ ዘር ነው፤ የእኛ ገበያ ዱባ ፍሬ ግን ባለ ቅርፊት ነውና ፈልፍላችሁ ብሉት፤ ከነቅርፊቱ ብዙ የበላ ሰው አንጀቱ ሊደርቅበት ይችላል። ሳር ሳር ሳይል፣ ሳያርር፣ በለስላሳ እሳት ቁሉት። ጨው አታብዙበት፤ በዚህ ዕድሜ ደም ግፊት ያለበት ብዙ ነው። በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ግማሽ ክብደቱ ያህል ቅባት ነውና በእፍኝ በእፍኝ የሚበላ አይደለም። ማታ ደግሞ ቡናውንም ጠላውንም ቀደም አድርጉት፤ ከመተኛት በፊት ባሉት ሰዓታት የሚጠጣው በቀነሰ ቁጥር ሌሊት መነሣቱም ይቀንሳል።

ልጆች፣ በተለይ እናንተን ነው የምለው። አባታችሁ አይነግራችሁም፤ እናንተ ጠይቁት። «አባዬ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሣለህ?» ማለት ነውር የለበትም። ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ካላችሁ፣ ሰባቱን ጥያቄዎች አንብቡለት፤ ነጥቡንም ደምሩለት። የተቆላውን ፍሬ ውሰዱለት፤ የሐኪም ቀጠሮውንም በዚያው ሳምንት ያዙለትና አብራችሁት ሂዱ።